እንዳለ የተነሳ ፊት

ጋሽ አይነቃነቁ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። ሰው ፎቶ ሊነሳ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አገጩን በሁለት ጣታቸው ቀና፣ ትከሻውን ደልደል ያደርጉለትና ወደ ካሜራቸው ተመልሰው «አይነቃነቁ» ይላሉ። ሕፃኑንም ሽማግሌውንም፣ ሙሽራውንም ፖሊሱንም አንቱ እያሉ ነው የሚያዙት። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ እናትና አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ረስቶ በዚሁ ይጠራቸዋል። እሳቸውም አልተቀየሙም፤ እንዲያውም በሥራ የተገኘ ማዕረግ አድርገው ነው የያዙት።

አሁን አሁን ግን «አይነቃነቁ» የሚሉት ሰው እየጠፋባቸው ነው። ፎቶ ቤታቸው ከመንገዱ ዳር፣ በመነጽር ቤቱና በልብስ ሰፊው መካከል ነው። ጠዋት መጋረጃውን ገልጠው፣ የመስኮቱን መስታወት ወልውለው፣ መብራቶቻቸውን አስተካክለው ይቀመጣሉ፤ የሚመጣው ግን ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ብቻ ነው። ሰርገኛው እንኳ ዘመዶቹ በስልክ ባነሱለት መብቃቃት ጀምሯል። ስለዚህ የስልክ ካሜራ ነገር ሲነሳ ደማቸው ይፈላል። መንገድ ላይ ሰው ስልኩን ቀና አድርጎ ፎቶ ሲያነሳ ካዩ፣ የሆነ ነውር ያዩ ይመስል ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያነሷቸውን ፎቶዎች ለማሳተም ወደ ማተሚያ ቤቱ ጎራ ሲሉ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ተራዋን የምትጠብቅ ሴት አዩ። ቀረብ ቢሉ የወንድማቸው ልጅ ናት። እሳቸው ቤት ያደገች፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ሳይንስ የምታስተምርና ዘመድ ሁሉ «መምህሯ» የሚላት ናት። ተሳሳሙ፤ የቤቱን ደህንነት ተጠያየቁ። ለምን እንደመጣች ሲጠይቋት ለክፍሏ ግድግዳ የሚሆኑ ፎቶዎች እያሳተመች መሆኑን ነገረቻቸው። ተማሪዎቿ ሰው እጁን በሥራ ላይ እንዴት እንደሚጠቀም እንዲያጠኑ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ጎማ ጠጋኙን በየሥራቸው ላይ አንስታለች። ጋሽ አይነቃነቁ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያነሱ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ተመለከቱ። መጨረሻ ላይ አንዷ እጃቸው ላይ ቀረች።

ግቢ ውስጥ፣ ልብስ በተሰጣበት ገመድ ሥር የቆመች ሴት ናት። ራሷን በአሮጌ ሻሽ ጠፍንጋለች፤ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ነክሳ ትስቃለች፤ ከግራ ዓይኗ ሥር ያለችው ጥቁር ነጥብ ፀሐይ ላይ ቁልጭ ብላለች።

«ይቺ ሚስቴ አይደለችም?» አሉ።

«እትዬ ናቸው ጋሼ። ቅዳሜ ልጠይቃቸው ስመጣ ነው ያነሳኋቸው።»

«በስልክ?»

«በስልክ።»

ሽማግሌው ፎቶዋን ባንኮኒው ላይ በጀርባዋ ደፏት። የፎቶ አንሺ ሚስት መቆንጠጫ ነክሳ በአደባባይ ልትሰቀል ነው ብለው ተቀየሙ። ግን ጨዋ ናቸውና ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ተራቸው እስኪደርስ ድረስ ያለ የሌለ ሙያቸውን ዘረገፉላት። የስልክ ሌንስ ከሽንብራ እንደማይበልጥ፣ ብርሃን የሚያገባበት ቀዳዳ ጠባብ በመሆኑ አመሻሽ ላይ ፎቶው እንደሚሻክር፣ ሰውን ቀርቦ ሲያነሳ አፍንጫ እንደሚያሳብጥ፣ ሩቅ ያለውን ሳብ ሲያደርግ ደግሞ ምስሉን እንደሚበጫጭቀው አስረዷት። የእሳቸው ካሜራ ግን እንዲህ ያለ ጉድ አያውቅም፤ ፎቶውን በር አሳክለው ቢያሳትሙት እንኳ የቅንድቡ ፀጉር ይቆጠራል።

እውነት ለመናገር፣ ከተናገሩት ውስጥ ውሃ የማያነሳ ነገር አልነበረም። መምህሯም ይህን ስለምታውቅ አንዱንም አልካደችም።

«ልክ ነዎት ጋሼ» አለች። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ልብስ ሲያሰጡ ካሜራዎ የት ነበር?»

«የት ይሆናል? ቦርሳው ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ።»

«አዩ፤ የሚበልጠው ካሜራ ቁም ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። የሚያንሰው ግን እጄ ላይ ነበር። ከሌለ ፎቶ የሻከረ ፎቶ አይሻልም?»

«አይሻልም» አሉ ቆፍጠን ብለው። «ፎቶ ከሰው የሚሰረቅ ነገር አይደለም ልጄ፤ ሰው አስቦ የሚሰጠው ነው። ሰው ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ልቡን ሰብስቦ እፊትሽ ሲቀመጥ ከራሱ የተሻለውን ነው የሚሰጥሽ። አንቺ ግን ሚስቴን ሳታስበው ነጠቅሻት። ይህቺን ጥቁር ነጥብ እንኳ አላጠፋሽላትም።»

«ፊታቸው ላይ ያለች ናት እኮ።»

«ፊቷ ላይ ያለውን ሁሉ ማሳየት ማን አስገደደሽ?»

አታሚው ወረቀት እያስተካከለ በሆዱ ሳቀ። አንዱ የሌላውን ጠባይ ስለሚያውቅ ነገሩን እዚያው ተዉት። መምህሯ የተደፋችውን ፎቶ አንስታ ከሌሎቹ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ጋሽ አይነቃነቁም ያሳተሙትን ጉርድ ፎቶ ይዘው፣ ያሸነፉ መስሏቸው ወጡ።

ያቺ ነጥብ ግን እዚያ አልቀረችም። ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ ባለቤታቸው ነጥቧ እየበላቻቸው መሆኑን ለመምህሯ ነገሯት፤ እሷም እየጎተተች ወደ ቆዳ ሐኪም ወሰደቻቸው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ረጋ ብላ በማጉያ መነጽር መረመረቻቸው። ከዚያም ነጥቧ ያለችው ከዓይን ቆብ አጠገብ ስለሆነ መቁረጡ ቀላል እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ድሮም እንዲሁ የነበረች ከሆነች ጊዜ ሰጥቶ መከታተል ይሻላል። ቅርጿን እየለወጠች፣ እያደገች ከሆነ ግን ቀን ሳይሰጡ ማውጣት ነው። ስለዚህ ነጥቧ መቼ ምን ያህል እንደነበረች ማወቅ ትፈልጋለች። እትዬ አሰቡ፣ አሰላሰሉ። ዘወትር መስታወት ውስጥ የሚያዩትን ነገር ትልቅ ነበረ ትንሽ ነበረ ብሎ መናገር አቃታቸው።

ቤት ገብተው ይህን ሲያወሩ ጋሽ አይነቃነቁ ፊታቸው በራ። ከሠርጋቸው ጊዜ ጀምሮ፣ ዓመት በመጣ ቁጥር ሚስታቸውን በዚያው ወንበር ላይ፣ በዚያው ብርሃን፣ በዚያው ርቀት አስቀምጠው ሲያነሱ ኖረዋል። ማን እንዲህ ያለ ማስረጃ አለው? በሚቀጥለው ቀጠሮ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ትልቁን አልበም በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከባለቤታቸው ፊት ፊት እየሄዱ ክሊኒኩ ደረሱ። መምህሯ ከሥራዋ ቀጥታ መጥታ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ለእሷም «ዛሬ ካሜራ ለምን እንደሚጠቅም ታያለሽ» አሏት።

ሐኪሟ አልበሙን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መጀመሪያ በአድናቆት ገለጠች። ፎቶዎቹ በእርግጥ ያምራሉ። ጨርቁ፣ ፀጉሩ፣ የዓይኑ ብርሃን ሁሉ ቁልጭ ብሏል። ቀጥላ ገለጠች፤ እንደገና ወደ ኋላ ተመለሰች፤ የመጨረሻውንም አየች።

«የትኛውም ላይ የለችም» አለች። «እንግዲያው ነጥቧ የወጣችው ዘንድሮ ነው ማለት ነው?»

«ኧረ የለም፣ ከቆየች ቆይታለች» አሉ እትዬ።

«ታዲያ ፎቶው ላይ ለምን አትታይም?»

ጋሽ አይነቃነቁ ክው አሉ። በልጅነታቸው ሥራውን ያስለመዷቸው ፎቶ አንሺ ያስተማሯቸው ነው፤ ሰው ፎቶ ቤት የሚመጣው አምሮ ሊወጣ ነውና ፊት ሳይጸዳ አይሰጥም። ድሮ በፊልሙ ላይ በቀጭን እርሳስ፣ ኋላ ደግሞ በኮምፒውተር፣ ብጉር፣ ጠባሳ፣ ነጥብ፣ የዓይን ሥር ጥቁረት ሁሉ እየጠፋ ነው ወረቀት ላይ የሚወጣው። ከመልመዳቸው የተነሳ ይህን እንደ ሥራ እንኳ አይቆጥሩትም፤ ጠዋት ፊታቸውን ስለመታጠባቸው የማያስቡትን ያህል ስለዚህም አያስቡም። አልበሙን ጠቅልለው ሲያመጡ ይህ ነገር በአእምሯቸው ሽው ብሎ አያውቅም።

«እኔ ነኝ የማጠፋት» አሉ በመጨረሻ። «ፎቶ ሲሆን ፊት አጸዳለሁ።»

«ሁሉንም?» አሉ ባለቤታቸው።

«ሁሉንም።»

«ያልጸዳውስ የለም? መጀመሪያ የተነሳው?» ብላ ሐኪሟ ጠየቀች። አልነበረም። ከጸዳ በኋላ የመጀመሪያውን ማስቀመጥ ቦታ ማጣበብ ይመስላቸው ነበርና ይጥሉታል። ከሁሉ የባሰባቸው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ይህን ፊት ዕድሜያቸውን ሙሉ አይተውት፣ ነጥቧን በገዛ እጃቸው በየዓመቱ አጥፍተዋት፣ ምን ታክል እንደነበረች ቢያስቡ ቢያስቡ ሊመጣላቸው አልቻለም። አፈሩም፣ ፈሩም።

መምህሯ ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ ያገኘችው ፎቶ ላይ የእትዬ ጉንጭ እንደ ሳሙና ልስልስ ብሎ ነበር፤ ነጥቧ የለችም። አሁን ደግሞ እሷ ደነገጠች። ስልኩ አዲስ እያለ ፊትን በራሱ የሚያለሰልሰው ማሳመሪያ ክፍት ሆኖ ነበር የመጣው፤ እሷም ሳታስተውል ብዙ ጊዜ እንዲሁ አንስታበታለች። አንገቷን ደፍታ ወደ ታች እየገፋች ፈለገች። ማሳመሪያውን ከዘጋችበት ጊዜ ወዲህ ያሉት እንደ ጉድ ይጎርፉ ጀመር። እትዬ ሶፋ ላይ ጋዜጣ ታቅፈው እንቅልፍ ወስዷቸው፣ እትዬ መስኮት ሥር ክር በመርፌ ሲያስገቡ፣ እትዬ አትክልት ሲያጠጡ፣ እትዬ የሆነ ሰው ላይ ተቆጥተው። አንዱም ላይ ለፎቶ አልተዘጋጁም። ሐኪሟ ዓይናቸው ሥር እያጎላች በየተነሱበት ቀን ተራ አስያዘቻቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ነጥቧ የመርፌ ጫፍ ታክል ነበር። አምና ምስር ታክላለች። ልብስ ማስጫው ሥር በተነሳችው ላይ ደግሞ አንደኛው ጠርዟ ተዘርዝሯል።

«በቃ» አለች ሐኪሟ። «አንጠብቅም። እናወጣታለን።»

በዚያው ሳምንት ቀጠሮ ያዙላቸው። እትዬ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገቡ ባላቸውና መምህሯ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ያን ቀን ጋሽ አይነቃነቁ ሱፍ አልለበሱም። ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ መናገር ጀመሩ።

«ብትሞትብኝ አልበሙ ውስጥ ያለችውን ሴት ይዤ ነበር የምቀረው» አሉ። «እሷን ደግሞ አላውቃትም።»

«አይሞቱም ጋሼ። ሐኪሟ በጊዜ ነው የመጣችሁት ብላለች።»

«አውቃለሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ስትስቅ ያነሳኋት አንዲት ፎቶ የለችኝም። ስትስቅ አይነቃነቁ እላታለሁ፤ ትተወዋለች። ካሜራዬ ዕድሜዬን ሙሉ ሲዋሸኝ ኖረ።»

መምህሯ ወደ እሳቸው ዞረች። ሽማግሌውን ለማጽናናት ብላ ያልሆነ ነገር መናገር አልፈለገችም።

«ካሜራዎ አልዋሸም» አለች። «ካሜራዎ ነጥቧን አይቶ፣ ከእኔ ስልክ አሥር እጥፍ አጥርቶ ይዟት ነበር። የጠፋችው ከዚያ በኋላ ነው። የእኔም ስልክ ያው ነው፤ አይተውታል፣ ፊት ማሳመሪያው ከእርስዎ ብሶ ነበር። እርስዎ ቢያንስ የሚያጠፉትን እያዩ ነው የሚያጠፉት፤ እኔ ግን ስልኩ ሲያጠፋ አላየሁትም።»

«ታዲያ የአንቺ በምን በለጠ?»

«አጠገባቸው በመኖሩ። ሌላ ነገር የለውም። ሲተኙም፣ ሲቆጡም፣ ሲሠሩም አጠገባቸው ስለነበረ ብዙውን ያዘ፤ ከብዙው ውስጥ የሚጠቅመው ተገኘ። ቀኑንም አብሮ ይጽፋል። እርስዎ በዓመት አንድ ቀን ነው የሚያነሷቸው፤ በዚያ አንድ ቀን ደግሞ ሰው ራሱን አይመስልም።»

ጋሽ አይነቃነቁ ጺማቸውን ዳበሱ። አሁን የሚሟገቱት ለማሸነፍ አልነበረም።

«እንግዲያው ካሜራዬን ልሽጠው?» አሉ፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የምር ነው።

«ለምን ይሸጡታል? ትናንት ሐኪሟ የእትዬ አንገት ላይ ያለችውን ሌላ ነጥብ አንስቼ እንዳመጣላት ጠይቃኝ ነበር። ብሞክር ብሞክር እንቢ አለኝ፤ ቀረብ ስል ይደበዝዛል፣ ራቅ ስል ቀለሙ ይለወጣል። በየጊዜው በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ርቀት፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጎ የሚያነሳ ሰው ትፈልጋለች። ይህ የእርስዎ ሥራ ነው እንጂ የእኔ ስልክ ሥራ አይደለም።»

«ማስመሪያ ለምን?»

«ስፋቷን ለማወቅ። እና ደግሞ ሳይጸዳ።»

«ሳይጸዳ» ብለው ደገሙት ሽማግሌው፤ ቃሏ አፋቸው ውስጥ እንግዳ ሆነችባቸው። ቀጥለው ስልኳን እንድታሳያቸው ጠየቋት። ዓይናቸው ደክሟልና ራቅ አድርገው ይዘው ስለ ብርሃኑ ጠየቁ፤ ማሳመሪያው በየት እንደሚዘጋም ጠየቁ። እሷም ሰውን ከመስኮት በኩል በሚገባ ብርሃን እንዴት ማስቀመጥ እንደሚሻል ጠየቀቻቸው። በሩ እስኪከፈት ድረስ አንዱ ሌላውን ሲያስተምር ቆዩ፤ ያን ጊዜ ያያቸው ሰው ሁለት የክፍል ጓደኞች ናቸው ይል ነበር።

እትዬ ከዓይናቸው ሥር ፋሻ ተለጥፎላቸው ወጡ። የተወሰደው ሥጋ ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ነጥቧ ክፉ ዓይነት መሆኗ ታወቀ፤ ግን ገና ጅምር ላይ ስለነበረች ሥሯ ሳይቀር ወጥታለች። ብትዘገይ ዓይናቸውንም ሌላውንም ይዛ ልትሄድ ትችል እንደነበር ሐኪሟ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ጋሽ አይነቃነቁ ይህን ሰምተው ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው እያያቸው አለቀሱ።

ቁስሉ ደርቆ የዓመቱ ፎቶ ጊዜ ሲደርስ እትዬ እንደ ልማዳቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ባላቸው መብራቱን አስተካክለው ከካሜራው ኋላ ቆሙ፤ አፋቸው ሊል የለመደውን ሊል ሲከፈት መልሰው ዘጉት። እትዬ ይህን አይተው ከት ብለው ሳቁ። ጋሽ አይነቃነቁም አነሱ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፍቱት ከግራ ዓይን ሥር ጠባሳው ነጭ መስመር ሠርቶ፣ ከሳቁ ጋር አብሮ ተጨማዷል። እጃቸው ሳያዟት ፊት በሚያጸዱበት ቁልፍ ላይ አረፈች። ባለቤታቸው ከኋላቸው ቆመው ነበር።

«ተወው» አሏቸው። «እሱም የኔ ነው።»

ተዉት።

ዛሬ ወደዚያ ፎቶ ቤት የሚሄድ ሰው የተለወጠ ነገር ያያል። ጋሽ አይነቃነቁ ፊት ማጽዳት አላቆሙም፤ ሙሽሮች ይወዱታላ። ግን አስቀድመው «ላጽዳው ወይስ እንዳለ ይሁን?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ደንበኛው ጽዳቱን ቢመርጥም እንኳ ያልጸዳውን ለብቻው አስቀምጠው አብረው ይሰጡታል። በስልክ የተነሳ ፎቶ ይዞ የሚመጣውን አይገላምጡም። እንዲያውም ፎቶ ሁሉ ስልክ ውስጥ ተቀብሮ፣ ስልኩ ሲሰበር አብሮ እንዳይጠፋ፣ ከብዙው ጥቂቱን መርጦ ማሳተም እንዴት እንደሚጠቅም ያስረዱታል፤ በዚህም የራቃቸው ገበያ ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው። ሐኪሟም በሽተኞቿን ወደ እሳቸው ትልካለች። ማስመሪያ አስጠግተው፣ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ርቀት ያነሱላታል። ኪሳቸው ውስጥ ደግሞ መምህሯ የመረጠችላቸው ስልክ አለች፤ በእሷ የሚያነሱት ባለቤታቸውን ብቻ ነው፣ ያውም ሳይዘጋጁ።

መስኮታቸው ላይ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አንደኛው በትልቁ ካሜራ የተነሳው የባለቤታቸው ሳቅ ነው። ሌላዋ ያቺ በማተሚያ ቤቱ ባንኮኒ ላይ የደፏት፣ በልብስ መቆንጠጫዋ ናት፤ ከመምህሯ ለምነው ነው የወሰዷት። ባለፈው ልጇን ልትድር የምትዘጋጅ አንዲት እናት ዋጋ ልትጠይቅ ገብታ፣ ከመውጣቷ በፊት መስኮቱ ጋ ቆም ብላ ጠጋ አለች። ከዚያም ለሽማግሌው ተቆርቁራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው።

«ጋሽዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይቺኛዋ ላይ የሴትየዋ ጠባሳ ይታያል። እዚያኛዋም ላይ የሆነ ጥቁር ነገር አለ።»

«አዎ፣ ይታያል» አሉ ጋሽ አይነቃነቁ። «ስለታየ ነው ዛሬ ቤቴ ያለችው።»